እትዬ መክሊትን የዳርንበት ሳምንት

እኔ ዝሆን በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ እስከ ዛሬ። ግን አንድ ዝሆን ሰፍቻለሁ። ጆሮው ከአባቴ አሮጌ ካፖርት ገበር፣ ኩምቢው ከጓደኛዬ ከነቢላ እናት ሻሽ፣ ዓይኑ የሸሚዝ ቁልፍ ነበር። ይህን ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው "እማማ፣ ዝሆን ሻሽ ያስራል እንዴ?" እያሉ ይንከተከታሉ። ይሳቁ፤ ምን ከፋኝ። እኛም እየሳቅን ነው የሰፋነው። ለእነሱ ሳቁን ብቻ እየነገርኩ ነው የቆየሁት፤ እዚህ ግን ከነሌላው ልናገረው።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን አሰላ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ጭላሎ ደመናውን እንደ ጋቢ ተከናንቦ በሚታይበት ወገን ነው። በግቢያችን ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጎን፣ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ነበሩ። አባቴ ገብረ መድህን ከሌላ አገር ተመድበው ለሚመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ያከራያቸዋል። በአንዱ የእርሻ መሥሪያ ቤት ሠራተኛው ጋሼ ይስሃቅ ይኖራል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያስነጥስ ዶሮ የሚበትን ሰው። በሌላው የእኔ አስተማሪ እትዬ መክሊት ትኖራለች።

እትዬ መክሊት የጨንቻ ልጅ ናት። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ጋሞ ተራራ ላይ ነው። እኛ ምኑን እናውቀዋለን? ለእኛ ከሳጉሬና ከበቆጂ ወዲያ ያለው ሁሉ አንድ ላይ "ሩቅ አገር" ነበር። ጠዋት በግቢያችን ቧንቧ ፊቷን ስትታጠብ አያታለሁ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጠመኔ ይዛ ሰሌዳ ፊት ትቆማለች። ግቢ ውስጥ አንቺ እላታለሁ፤ ክፍል ውስጥ እርስዎ። በመሃል ያለችው መንገድ ላይ ምን እንደምላት ግራ እየገባኝ ዝም ብዬ ከኋላዋ እሮጣለሁ። እንዴት እወዳት እንደነበር! እናቴ አሰፋች፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "ይቺ ልጅ የወለድኳት እኔ አልመስልም" ትል ነበር።

የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነበረን። ከእሷ በፊት የነበሩት መምህር ገመድ ያስገምዱን ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ገመድ። እሷ ግን አንድ ቀን ነጭ ቡልኮ ታቅፋ ገባችና ከፊት ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋችው። ከጠረጴዛው ተርፎ መሬት ሊነካ ሆነ።

"ክሩን እናቴ ፈተለችው። ወንድሜ ሸመነው" አለች። "እንደምታዩት ባዶ ነው። የምትሞሉት እናንተ ናችሁ።"

"በምን?" አለ ዑራኤል፤ በክፍሉ ውስጥ ሳይጠየቅ የሚናገር እሱ ነው።

"በእንስሳት።"

ከዚያ ጠመኔ አንስታ ሰሌዳው ላይ አንድ ረጅም፣ አናቱ ሞላላ የሆነ ነገር ሳለች። ከፊቱ ወደ ውጭ የወጣ አፍንጫ አበጀችለት፤ ከአፍንጫው በላይ ሁለት ዓይን።

"ይህ የእኛ አገር ቤት ነው። ምን ይመስላል?"

"ዝሆን!" አልን፤ የመማሪያ መጽሐፋችን ላይ በሥዕል አይተነው ነበርና።

ነቢላ፣ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ የምትቀመጠው፣ እጇን አወጣች። አባቷ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው። "እትዬ፣ ዝሆን ውስጥ ነው እንዴ የምትኖሩት?"

"አዎ፣ ሆዱ ውስጥ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷም አብራን ሳቀች፤ ከዚያ ነገረችን። ድሮ በአገራቸው ዝሆን ነበር ይላሉ አባቶች። ዝሆኑ ሲያልቅ መልኩን በቤታቸው ላይ አስቀሩት። ቤቱ ከቀርከሃ እንደ መሶብ ይጎነጎናል። ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ያጥራል፤ "እንደ አሮጊት" አለች። ቦታ መቀየር ካስፈለገ ደግሞ ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ያነሳዋል።

"ቤቱን? ተሸክመው?"

"ተሸክመው። እየዘፈኑ።"

ዑራኤል አፉን በእጁ ሸፈነና "እትዬ፣ ወንድምዎ ሸማኔ ነው?" አለ። ሁለት ሦስት ልጆች ወደ ዴስካቸው አቀረቀሩ። በእኛ ዘንድ ሸማኔ ብሎ መጥራት ስድብ ነበር፤ የለበስነውን ሁሉ እያለበሱን። እሷ ግን ፊቷ አልተለወጠም።

"ወንድሜም፣ አባቴም፣ አያቴም። እናትህ ለጥምቀት የምትለብሰውን ቀሚስ ሰማይ ያዘነበው መሰለህ? በእኛ አገር ድር የሚያደራ ወንድ ነው። እስኪ ወንድ ከሆንክ ና፣ ይቺን መርፌ ክር አስገባባት።"

ዑራኤል ወጣ። ክሩን ላሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ምላሱን አወጣ። አልገባም። ወንዶቹ ሁሉ "እኔ! እኔ!" ብለው ተነሱ። ከዚያ ቀን ወዲያ መርፌ መያዝ የሴት ነው ያለ ወንድ አልሰማሁም።

የነቢላ አባት ቁርጥራጭ ጨርቅ በከረጢት ላኩልን። እያንዳንዱ ልጅ የሚያውቀውን የአገሩን እንስሳ ከጨርቅ እየቆረጠ ቡልኮው ላይ ይጥፋል፤ ሥራው ይህ ነው። አንዱ የደጋ አጋዘን፣ አንዱ ቀይ ቀበሮ፣ አንዱ የአጎቱን ፈረስ ከነኮርቻው ሠራ። ዑራኤል ጅብ ሠራና ጥርሱን ከአሮጌ ዚፕ አበጀለት፤ አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ማንም አይቶት የማያውቀውን ዝሆን ግን ለእኔና ለነቢላ ሰጠችን። እሷ እየነገረችን፣ እኛ እየቆረጥን። "ቆዳው የተጨማደደ ነው" ስትል ነው የአባቴን ካፖርት ያሰብኩት።

"መጣፍ ከቤትሽ አጥተሽ ነው ትምህርት ቤት ሄደሽ የምትጥፊው?" አለችኝ እናቴ ገበሩን ስትሰጠኝ።

ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን ነበር። ቡልኮው ያን ቀን ይሰቀላል። የእትዬ መክሊት እናትም ከወንድሟ ጋር ከጨንቻ ይመጣሉ። "እናቴ አርሲን አታውቅም" አለችን፤ "የምታውቀው የእናንተን እንስሳት አይታ ነው።" ስለዚህ እናቷ ለእኛ በጣም ትልቅ ሰው ነበሩ። ነቢላ የዝሆኑን ጅራት ሦስት ጊዜ አስፈታችኝ፤ "የእትዬ እናት ምን ይላሉ?" እያለች።

ሰኔ ከመግባቱ በፊት ነው ነገሩ የሆነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር እልፍኛችን ውስጥ ተቀምጠዋል። ዳይሬክተር ቤት ድረስ ከመጣ ልጅ አጥፍቷል ማለት ነው፤ እኔም ጥፋቴ የቱ እንደሆነ ሳላውቅ ከመጋረጃው ጀርባ ተሸሸግሁ።

"ስልኩ ከአርባ ምንጭ ነው የመጣው" አሉ። ከዚያ ያሉት አልተሰማኝም። እናቴ "ውይ!" ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እናቴ ወተት ሲገነፍልም ውይ ነው የምትለው።

"እሷ ሰምታለች?" አለ አባቴ።

"አልሰማችም። መስማትም የለባትም።"

"ልክ ነው። ወንድሟ ሳይደርስ አይሆንም። የሥጋ ዘመድ በሌለበት፣ ለብቻዋ፣ በሰው አገር? ነውር ነው። መቼ ይደርሳል?"

"በሻሸመኔ በኩል ዓርብ ማታ።"

"ይስሃቅ በቆጂ ድረስ ሄዶ ይቀበለው፤ መንገዱን አያውቀውም። እንግዲያው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነው። ሦስት ሽማግሌ ይበቃል። ድንኳን እድራችን አለው፤ አሰፋች፣ አንቺ ስንዴና ባቄላውን ከሴቶቹ ጋር ተነጋገሪበት።"

"ማን ይነግራታል?" አለች እናቴ፤ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች። "ጠዋት ጠዋት እንዴት አደሩ እያለችኝ እኔ ፊቷን እንዴት አያለሁ?"

የእትዬ መክሊት እናት ሞተው፣ ተቀብረውም ነበር። ዛሬ መርዶ የሚባለው ነገር እየጠፋ ነው። ስልኩ በየኪሱ ስለሆነ ሰው የእናቱን ሞት ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያነበዋል። ያን ጊዜ ግን የሰው አገር ሰው ሐዘኑን ለብቻው እንዲሰማ አይተውም። ዘመዱ እስኪደርስ ከተማው በሙሉ ተማምሎ አፉን ይዘጋል፤ ከዚያ ሲነጋ፣ ደጋፊ አጠገቡ ሆኖ፣ በሽማግሌ አፍ ይነገረዋል። አባቴ የእድሩ ዳኛ ነበርና ያን ሲያሰናዳ ነበር እኔ መጋረጃ ጀርባ የቆምኩት። አንድ ሰው አፉ ቢያመልጠው እትዬ መክሊት ዘመድ በሌለበት፣ በተከራየችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ብቻዋን ትወድቃለች። የፈሩት ይህን ነው።

እናቴ ሲጨርሱ መጋረጃውን ገለጠችና አየችኝ። ጆሮዬን ያዘች፤ ግን አልጎተተችውም። "የሰማሽውን ለመክሊት ትንፍሽ ብትዪ እኔ ልጄ አልልሽም። ገባሽ?"

"ገባኝ" አልኩ።

በማግስቱ ለነቢላ ነገርኳት። ለመክሊት ነዋ የተከለከልኩት።

"ድንኳን?" አለች ነቢላ።

"ድንኳን።"

"ሽማግሌ?"

"ሦስት።"

"ወንድሟ ይመጣል?"

"እሱ ካልመጣ አይሆንም ተብሏል።"

"እናትሽ አለቀሱ?"

"በጣም።"

"ወላሂ ሰርግ ነው!" አለች ዴስኩን በጥፊ መትታ። "እህቴ ሙቢና ስትዳር እናቴ ሳምንት ሙሉ ነው ያለቀሰችው።"

"ታዲያ እሷ ለምን አትሰማም?"

"ሙቢናስ መች ሰማች? ሙሽራ መጨረሻ ላይ ነው የሚነገራት። ማንን ነው ግን የምታገባው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"ወንድሟን ሊቀበል የሚሄደው ማን ነው?"

"ጋሼ ይስሃቅ።"

"እንግዲህ!" አለች ነቢላ፤ እጇን አጣጥፋ።

ከዚያ ወዲያ የማየው ሁሉ ሰርግ ሆነ። ጋሼ ይስሃቅ እሷን በሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል፤ አፍሮ ነው አልኩ። አንድ ጠዋት ውሃዋን ቀድቶ በሯ ላይ አስቀምጦላት ሳያንኳኳ ሄደ፤ ፍቅር ነው አልኩ። የጎረቤት ሴቶች ማድ ቤታችን ውስጥ ስንዴና ባቄላ ይለቅማሉ፤ እሷ ስትገባ ዝም ይላሉ፣ ስትወጣ ደግሞ "አይ ልጅነት" ይላሉ። ንፍሮ የልቅሶ መሆኑን አጥቼው አይደለም። ልጅ ግን የወደደውን አንዴ ካየ ሌላውን እንዲያው በሜዳ ያልፈዋል። እኔ የወደድኩት ደግሞ እትዬ መክሊት ካገባች ከአሰላ ወጥታ እንደማትሄድ ነው። ወደ አገሯ እንድትዛወር ጥያቄ አቅርባ እንደነበር ከእናቴ ሰምቼ ስፈራ ነው የከረምኩት።

ዓርብ ሲደርስ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል፤ ዑራኤል የሰማውን ማን ሳይሰማ ይቀራል? ቡልኮው የሰርግ ስጦታ ነው ተባለ። አንዲት ልጅ ከቀይ ቀበሮው አጠገብ አበባ ጨመረች። ከተማው አንድ ምስጢር ይዞ፣ እኛ ሌላ ይዘን፣ በመሃላችን እሷ ብቻ ምንም ሳታውቅ ክር ታስገባልናለች።

ያን ዕለት ከሰዓት፣ ነቢላ አባቷን ልታግዝ ገበያ ስለሄደች፣ የዝሆኑን አንድ ጆሮ ልጨርስ ከእትዬ መክሊት ጋር በረንዳዋ ላይ ተቀመጥኩ። ቡልኮው በሁለታችን ጉልበት ላይ ተዘርግቷል። ዝናብ መጥቶ ሄዶ ቅጠሉ ሁሉ ያንጠባጥባል። የጋሼ ይስሃቅ በር ተቆልፏል።

"እትዬ፣ ወደ አገርሽ ትሄጃለሽ?" አልኳት።

"ለምን ጠየቅሽኝ?"

"እንግዲህማ አትሄጂም" አልኩ፤ ሳቄ አምልጦኝ።

ቀና ብላ አየችኝ። "ምንድን ነው የደበቅሽው? ፊትሽ እንደ ድስት ክዳን እየተነሳ ነው።"

"እንዳልናገር ተብያለሁ።"

"እንዳትናገሪ ከተባልሽ አትናገሪ።" ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

አንድ ጥልፍ፣ ሁለት ጥልፍ፣ ሦስት ሰፋሁ። ከዚያ በላይ የሰው ልጅ አይችልም።

"ልትዳሪ ነው!"

እትዬ መክሊት ሳቀች። ክፍል ውስጥ የምትስቀውን ሳቅ አይደለም፤ ወደ ኋላዋ ግድግዳ ተደግፋ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ። "ለማን?"

"ለጋሼ ይስሃቅ!"

ይሄን ጊዜ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ በሳቅ እንባዋ መጥቶ። "ኧረ ወዲያ! ማን ነው ያለሽ?"

"ማንም አላለኝም፤ እኔና ነቢላ ነን ያወቅነው። ድንኳን አለ። ስንዴና ባቄላ እየተለቀመ ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ ሦስት ሽማግሌ ይመጣል። ጋሼ ይስሃቅ ወንድምሽን ሊቀበል በቆጂ ሄዷል።"

ሳቋ የቆመው እዚች ላይ ነው። አልተቆረጠም፤ ቀስ ብሎ፣ እንደሚጠፋ ፋኖስ ዝቅ እያለ ነው የሄደው።

"ወንድሜን?"

"አዎ።"

"ወንድሜን ብቻ?"

"እሱን ብቻ መሰለኝ።"

"እናቴስ?"

"ስለ እናትሽ አልሰማሁም" አልኩ። ከዚያ ደግሞ እናቷ ሰርጓ ላይ ስለማይገኙ ያዘነች መስሎኝ ላጽናናት ፈለግሁ። "ግን እኮ እናቴ ስምሽ በተነሳ ቁጥር ታለቅሳለች። የነቢላም እናት ሙቢና ስትዳር እንዲሁ ነበሩ። የደስታ ነው እኮ።"

እትዬ መክሊት ወደ ማድ ቤታችን አየች፤ የሴቶቹ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይሰማል። ወደ ተቆለፈው የጋሼ ይስሃቅ በር አየች። ከዚያ ወደ እኔ። ረጅም ጊዜ ነው ያየችኝ። እኔ ደግሞ ስለ ባሏ የምታስብ መሰለኝ።

"ማስነጠሱ ይለመዳል" አልኳት።

"ይለመዳል" አለች።

መርፌዋን ቡልኮው ላይ ሰካች፤ ሁለት እጄን በሁለት እጇ ያዘች። "ተናኘ፣ የኔ ቆንጆ፣ ለእኔ መንገርሽን ለማንም እንዳትነግሪ። ለእናትሽም። ብዙ ደክመውበታል። ነገ ሲነግሩኝ እንዳልሰማሁ ሆኜ እሰማቸዋለሁ። እሺ?"

"እሺ። እናቴ ትሙት!" አልኩ፤ የዚያን ጊዜ የልጅ መሐላ ይህ ነው።

"አይ" አለች ቶሎ ብላ፤ አፌን በመዳፏ ሸፍና። "እንዲያ አይማልም። እሺ ካልሽኝ ይበቃል። አሁን ጆሮውን እንጨርስ።"

ጨረስነው። ከኔ ጎን ያለው ስፌት እንደ ፍየል መንገድ ይጣመማል፤ ከሷ ጎን ያለው ቀጥ ያለና ጥብቅ ነው። እየሰፋች በአገሯ ቋንቋ ታንጎራጉር ጀመር። ዜማው ዝግ ያለ ነው፤ "አዮ፣ አዮ" የሚል ይመላለስበታል። ሙሽራ ስለሆነች የሰርግ ዘፈን መሰለኝ፤ ጆሮውን ወደ ጎን አድርጌ አጨበጨብኩላት። ዜማውን አላቆመችም። እንዲያውም እጄ እንዲደርስላት ቀነስ አድርጋ ያዘችልኝ። "አዮ" በጋሞኛ እማዬ ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ካገባሁ በኋላ ነው።

እንዲህ ሆነን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆየን። እናቴ በማድ ቤቱ በር ብቅ ብላ አየችንና "አይ፣ ምስኪን፣ ስትዘፍን" ብላ ተመለሰች።

ለቅዳሜ አጥቢያ የክት ቀሚሴን ለብሼ ነው ያደርኩት። ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የሴቶች ድምፅ ነው፤ እልልታ መስሎኝ ዘልዬ ወጣሁ። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ጉሙ ገና አልተነሳም። በእትዬ መክሊት በር ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ አባቴና አንድ አጭር፣ ሰፊ ትከሻ ያለው እንግዳ ሰው ቆመዋል። ከመካከላቸው እሷ። ስታለቅስ አየሁ። እናቴ ይዛታለች፤ ጋሼ ይስሃቅ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እናቴ በአንድ እጇ እኔን ወደ ቀሚሷ ሳበችና "የእትዬ እናት ሞቱ" አለችኝ።

እኔ የገባኝ ምን መሰላችሁ? በሰርጉ ዋዜማ እናቷ ሞቱባትና ሰርጉ ፈረሰ። ለብዙ ዓመት እንዲሁ ነበር የማምነው። ጋሼ ይስሃቅ በኋላ የሮቤ ልጅ ሲያገባ ሰርጉ ላይ እየበላሁ እንኳ "ምስኪን፣ የመጀመሪያው ፈርሶበት" እያልኩ አዝንለት ነበር።

ረፋዱ ላይ ክፍላችን በሰልፍ ለልቅሶ መጣ። ማታ ከእትዬ በረንዳ ይዤው የገባሁትን ቡልኮ ነቢላ ከእኔ ተቀብላ ተሸክማለች። የድንኳኑ በር ላይ ስንደርስ ዑራኤል "የሰርግ ስጦታ ለልቅሶ ይሰጣል እንዴ?" አለ። ነቢላ "ለሷ ነው የሰፋነው፤ ለሰርጉ ነው እንዴ?" ብላ ገፍታው ገባች።

ወንድምየው ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። እንስሳቱን ከማየቱ በፊት ጨርቁን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ የእናቱን ክር። ዓይኑ ሞላ። ከዚያ ወደ ዝሆናችን ደረሰ። አየው፣ ደግሞ አየው። የጅቡን ዚፕ ከፈተ፣ ዘጋ። እህቱን በአገራቸው ቋንቋ አንድ ነገር አላት፤ እሷም በዚያ ሁሉ ለቅሶ መካከል ፈገግ አለች። ያን ዕለት ከሰዓት ይዘውት ወደ ጨንቻ ሄዱ።

ትመለሳለች አልመሰለኝም ነበር። ተመለሰች፤ ፀጉሯን አሳጥራ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል። ቡልኮውን በልቅሶው ቤት በራፍ ላይ ሰቅለውት እንደነበር ነገረችን። "እናቴ እንስሶቻችሁን አላየችም" አለች፤ "ለእሷ ሊያለቅስ የመጣው አገር ሁሉ ግን አይቷል። አንድ ሽማግሌ ዝሆኑን አይቶ፣ 'በእነዚህ ልጆች አገር ዝሆን የለም፤ ፍቅር ግን አለ' አለ።" እኛ የሰማነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ነቢላ በጣም ተቆጣች፤ "ጅራቱን ሦስት ጊዜ ፈትተነው!"

እናቴን ግን ከዚያ ሁሉ የነካት ሌላ ነገር ነው። የመርዶው ዕለት ጎህ ሲቀድ በሩን ሲያንኳኩ እትዬ መክሊት ወዲያው ነው የከፈተችው። ለብሳለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ፣ እንደ ሐዘንተኛ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ከሩቅ አንስተው ቀስ እያሉ እስኪያደርሱት ድረስ አዳመጠቻቸው፤ ልክ ሲጨርሱ አለቀሰች። እናቴ በኋላ "እንዴት አወቅሽ?" አለቻት። "በህልሜ ታየኝ" አለች።

አቤት፣ እናቴ ያን ህልም እንዴት አወራችው! "የጨንቻ ሰው ህልሙ አይስትም" ትላለች፤ ቡና ላይ፣ እድር ላይ፣ ሰርግ ላይ። የሰፈር ሴት ሁሉ ህልሟን ይዛ ወደ እትዬ መክሊት መጣች። ምን ታድርግ፣ ትፈታላቸው ነበር። በቀለች የምትባል ጎረቤታችን ስለ ጠፋች ላም አልማ መጣች፤ እትዬ መክሊት "ታገኚያታለሽ" አለቻት፤ ላሟም ተገኘች። በቃ፣ ማዕረጓ ጸደቀ።

እኔ ነገሩ የገባኝ አድጌ፣ ልጅ ወልጄ፣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ መርዶ ከሚያረዱት ሴቶች ጋር ተቀምጬ ስንዴ ስለቅም ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ በራፉ ላይ ቆማ ታየናለች፤ ዓይኗ ይስቃል። እጄ እንቅቡ ውስጥ ቀረ። ድንኳን፣ ስንዴ፣ ሽማግሌ፣ የሚያለቅሱ እናቶች። "ወንድሜን ብቻ?" ያለችው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ያን ሌሊትም ብቻዋን ነው ያደረችው፣ እኔ የክት ቀሚሴን ለብሼ ከግድግዳው ወዲህ ተኝቼ። ያን ጊዜ እሷ ወደ አርባ ምንጭ ተዛውራ ዓመታት አልፈዋል። በየበዓሉ በስልክ እንጠያየቃለን፤ ግን ይህን በስልክ እንዴት ብዬ ልጠይቃት? ብጠይቃትስ ምን እንድትለኝ?

እናቴ ያረፈችው አምና ነው፤ ጠግባ፣ አርጅታ። እትዬ መክሊት ሰምታ ከአርባ ምንጭ መጣች፤ ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፣ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። በድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ትከሻዋን ለትከሻዬ ሰጥታ። ብዙ አላወራንም። ሴቶቹ ስለ እናቴ ጨዋታ ያነሳሉ፤ ትንሽ ይሳቃል፣ ትንሽ ይለቀሳል። እማማ በቀለች፣ አሁን ጆሯቸው የማይሰማ፣ ከወዲያ ማዶ ጮኹ።

"መክሊት! ኧረ አንቺ! አሰፋች ያን ህልምሽን ሳታወራ የዋለችበት ቀን የለም። በሞቴ፣ እውነት የእናትሽን ሞት አይተሽው ነበር?"

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እትዬ መክሊት እጇን ከጋቢዋ ሥር አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው።

"አይቼዋለሁ፣ እማማ በቀለች" አለች ጮክ ብላ። "አንዲት ትንሽ ልጅ ናት መጥታ የነገረችኝ። እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን አልችለውም ነበር።"